ባዶ ወንበር በስሙ የምትጠራው ኡስታዛ

ባለፈው እሑድ ጠዋት ትምህርት ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ስከፍት ሲስተሙ መልእክት አስቀምጦ ጠበቀኝ። በዓረብኛ የተጻፈ ነው። ፍሬ ነገሩ «መምህርት ሃያት ለረዥም ጊዜ ስላልገባች ስሟ ከመዝገብ ሊወጣ ነው፤ በስሟ ሥር ያሉ ተማሪዎችም አብረው ይወጣሉ፤ ምክንያቱን መርጠህ አረጋግጥ» የሚል ነው። ከታች ምክንያቶች ተደርድረዋል፦ ሥራ ለቃለች፣ ቦታ ቀይራለች፣ ሌላ። ሞታለች የሚል የለም። «ሌላ» የሚለውን ልጫን ብዬ እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት። ኡስታዛ ሃያት «ሌላ» ተብላ የምትታለፍ ሰው አልነበረችም።

ትምህርት ቤታችን ካርቱም፣ ዴም ውስጥ ነው፤ ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር። ትምህርት ቤት ካሉት ማለቴ ነው፤ የኪራይ ቤት ሆኖ ከሰዓት በኋላ ወንበር ይደረደርበታል። የቀን ሥራ እየሠሩ መንገድ የሚጠብቁ ወጣቶች፣ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች፣ እዚያው ተወልደው አማርኛ ያልሞላላቸው ልጆች ይማሩበታል። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ። ሃያት ዓረብኛና ሒሳብ ታስተምር ነበር። እናቷ የደሴ ሴት፣ አባቷ የኦምዱርማን ሰው ናቸው፤ እሷ የተወለደችው እዚያው ዴም ነው። እንደ ሱዳን መምህራን ነጭ ቶብ ትለብሳለች፤ የቶቡ ጫፍ ግን ሁልጊዜ በሰማያዊ ማርከር ቀለም የተበላሸ ነው፣ ሰሌዳ ትጠርግበታለችና። አማርኛዋን ከእናቷ አፍ የለቀመችው ስለሆነ «እርስዎ» የሚባል ነገር አታውቅም። ሽማግሌም ሹምም ለእሷ «አንተ» ነው። በዚህ ስንቱን አስቀይማለች።

መጀመሪያ ያየኋት ቀን አእምሮዋ የተነካ መስሎኝ ነበር። ትምህርት ከመጀመሯ በፊት በወንበሮቹ መሐል እየዞረች የባዶዎቹን መደገፊያ በጣቷ መታ መታ እያደረገች ስም ትጠራለች። «ጀማል» ትላለች፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «መንገድ ላይ ነው» ይላል። «ትርሐስ» ትላለች፤ «መንገድ ላይ ናት»። ጀማል ገዳሪፍ ለአጨዳ ከሄደ ወራት ሆኖታል። ሲጨርሱ በር ላይ ጠበቅኳት።

«ኡስታዛ፣ ሰው ለሌለበት ወንበር ነው እንዴ ስም የምትጠሪው?»

«የመጣው ሰው ምን ችግር አለበት ያ ኡስታዝ? መጥቷል፣ ኸላስ። ለመጣው ወንበሩም ያስተምረዋል። እኛን የሚፈልገን ያልመጣው ነው።»

ያኔ እንደ ቀልድ ነበር የሰማኋት። ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ ሲስተሙ ሲመጣ ነው።

አንድ የውጭ ድርጅት ላፕቶፕ እንስጣችሁ አለን። በምላሹ እያንዳንዱ መምህር በየሳምንቱ ሌሰን ፕላኑን በኢንተርኔት በድርጅቱ ገጽ ላይ ማዘጋጀት አለበት። ገጹ፣ እውነት ለመናገር፣ ክፉ አልነበረም። አንዱን ትምህርት ለሚያነበው በጽሑፍ፣ ለማያነበው በሥዕል፣ ለሌላው በድምፅ ቆርጠህ ታዘጋጅበታለህ። ከሁሉም መጨረሻ ላይ ሳይሞላ የማያሳልፍ ሳጥን አለ፦ «ሁሉንም ተማሪዎች ለመድረስ ምን ታደርጋለህ?» እኔ ጎጃም ውስጥ ዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሌሰን ፕላን የሚጻፈው ለተቆጣጣሪ እንደሆነ ጠንቅቄ አውቃለሁ። «ደካማ ተማሪዎችን በቡድን አግዛለሁ» የምትል ዐረፍተ ነገር ነበረችኝ፤ በየሳምንቱ እሷኑ እየገለበጥኩ አሳልፋለሁ። ሃያት ግን ጥያቄውን ጥያቄ ነው ብላ ተቀበለችው። እያንዳንዱን ተማሪ በስሙ እያነሣች መጻፍ ጀመረች። ለእገሌ ይህን በሥዕል፣ እገሊት ዓይኗ ስለሚደክም በትልቁ፣ እገሌ ስለሚያፍር ብቻውን። ሳጥኑ ደግሞ የፊደል ልክ አለው። ልኩ ሲያልፍ ይቀላና አልቀበልም ይላል።

«ሁሉንም ብሎ ጠየቀኝ» ትላለች፣ በሁለት ጣት እየቀጠቀጠች፣ «ሁሉንም ስጽፍለት በቃ ይለኛል። ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ሰው አይደለም እኮ ኡስታዛ።»

«እሱማ ታወቀ።»

በዚያ ላይ ሸበካው ይቋረጣል። ሸበካ የምንለው ኔትዎርኩን ነው። የጻፈችው ሁሉ ሳይቀመጥ ይጠፋና እንደገና ትጀምራለች። እኔ የገለበጥኳትን ልኬ ሻዬን ጠጥቼ ስመለስ እሷ ገና እዚያው ናት፣ ላፕቶፑም እሷ ዘንድ ነው፣ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል። ስንት ጊዜ ተጣልተናል። «ለሦስት ሰው የምታስተምሪውን ለሠላሳ ሰው ትጽፊያለሽ» እላታለሁ። «እና ሠላሳ አይደሉም?» ትለኛለች። ከእሷ ጋር መከራከር አድካሚ ነበር።

በስም ከምትጽፋቸው መጀመሪያ የምትመጣው ለምለም ናት። ለምለም ከወሎ ገጠር የመጣች፣ ጀሪፍ የሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። መዳሟ የምትለቃት ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው። አማርኛም ዓረብኛም ማንበብ አትችልም ነበር። እዚያው ዴም ያለ አንድ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ የእኛን ደረጃ ሁለት ለጨረሱ ሴቶች የረዳት ነርስነት ትምህርት ይሰጣል፤ ስማቸው የሚላከው በሲስተሙ በኩል ነው። ለምለም የምትፈልገው እሱን ብቻ ነው። «ሰው ቤት እንዳላረጅ» አለችን አንድ ቀን። ሃያት ከዚያ ወዲያ ይህን ነገር እንደ ራሷ ጉዳይ ያዘችው። ውሎ አድሮ ለምለም ደረጃ ሁለት ደረሰች፤ የቀራት አጥርታ ማንበብ ብቻ ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። እኛ ሐበሾቹ የሰው ሀገር ነገር ነው ብለን አንገታችንን ደፍተን ከረምን፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሰው ሰልፍ ምን ያደርግለታል። ሃያት ግን ከክፍል ወጥታ ቀጥታ ወደ ሰልፉ ነበር። በማግስቱ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ የቆየ አስሟ ተነሥቶባት፣ በአስለቃሽ ጭስ ዓይኗ ቀልቶ ትመጣለች። «አርፈሽ አትቀመጪም?» ስላት «ሀገሬ ነው ያ ኡስታዝ፣ ግማሹ እንኳ» ትለኛለች። መንግሥት ወደቀ፣ ሰው ጨፈረ። ከዚያ ደግሞ በክረምቱ መግቢያ ያ ሁሉ ደም ፈሰሰ። መንገዱ በድንጋይና በጎማ ክምር፣ እነሱ መታሪስ በሚሉት፣ ተዘጋጋ፤ ኢንተርኔቱም ከነአካቴው ተቆረጠ።

የእኔ ሌሰን ፕላን አንዲት ዐረፍተ ነገር ስለነበረች በጭንቅላቴ ይዣታለሁ፤ ምንም አልጎደለብኝም። የሃያት ግን በሙሉ ገጹ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። ለስንቱ ያዘጋጀችው ሥዕል፣ ድምፅ፣ ሁሉም። ክፍል የሚመጡት በአካባቢው ያሉ ጥቂቶች ብቻ ሆኑ። እሷም ባዶ ወንበር ስትጠራ ጊዜው ይረዝም ጀመር። የለምለም ወንበር ጋ ስትደርስ መዳፏን አሳርፋ ትቆያለች። ከጀሪፍ ዴም ድረስ ያን ሁሉ መታሪስ አልፋ እንዴት ትምጣ?

አንድ ቀን በእግሯ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ደርሳ መጣችና ፊቷ በርቶ አገኘኋት። ሱቅ ዐረቢ ቢላል የሚባል ሱዳናዊ አለ፣ ዘፈን በሚሞሪ የሚጭን። ኢንተርኔት ሲጠፋ ከተማው ሁሉ ወደ እሱ ዓይነቱ ዞሮ ነበር። ከጀሪፍም ከባሕሪም ሰው እየመጣ ሚሞሪ ያስሞላል።

«ዘፈን የሚደርስበት ቦታ ትምህርት ለምን አይደርስም?» አለችኝ። «ድምፅ እንቅዳ። ቢላል ስማቸውን ለሰጠሁት ሰዎች ይጭንላቸዋል። ለምለም የፊደል ገበታው አላት፤ እየሰማች በጣቷ ትከተላለች።»

«ጥሩ፣ ቅጂ።»

«የእኔ አማርኛ ስብርብር ነው። አንተ ነህ የምትቀዳው።»

«እኔ አዝማሪ ነኝ?»

«አዝማሪ ብትሆን ገንዘብ እሰጥህ ነበር። ለምለም ሁሉንም ረስታ ብትመጣ ለክሊኒኩ አንተ ትነግርልኛለህ?»

ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ድምፅ እንዳይገባ ፍራሽ ግድግዳው ላይ አቁመን፣ በላብ ተጠምቄ ቀዳሁላት። ለምለምን እያሰብኩ ያነበብኩት ስለሆነ ሁሉም በሴት ነው። «ጣትሽን መ ላይ አድርጊ። መድኃኒት። መ። ይደገም።» እንዲህ ያለ ነገር። ሃያት «ቀስ በል፣ ልብስ እያጠበች ነው የምትሰማህ» እያለች መልሳ መላልሳ አስቀዳችኝ።

ቢላል አንዲት የአማርኛ ቃል አያውቅም። ሐበሾች መጥተው ያንን ነገር ጫንልን ሲሉት፣ ከተማውን የያዘ አዲስ ዘፈን መስሎት «አዲስ ሐበሻ» ብሎ ከሚሸጠው ጥቅል ውስጥ ከተተው። ብዙም ሳይቆይ ረክሻ፣ የእኛን ባጃጅ፣ ተሳፍሬ ስሄድ አንዱ ዘፈን አለቀና የራሴ ድምፅ መጣ፦ «ጣትሽን መ ላይ አድርጊ።» ሹፌሩ ሱዳናዊ ነው፣ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል።

«ዴ ፈናን ጀዲድ?» አለኝ። ይሄ አዲስ ዘፋኝ ነው ወይ ማለቱ ነው።

ሱቅ ዐረቢ የቀን ሥራ የሚጠብቁት ጎረምሶች ፀጉራቸውን እያሻሹ «ይደገም!» ይሉኝ ጀመር። ስሜ ጋሽ ይደገም ሆኖ ቀረ። በንዴት ሄጄ ስነግራት ሃያት እስክታስል ድረስ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ «ስለዚህ ገበታው የላቸውም ማለት ነው» አለች። በማግስቱ የፊደል ገበታ በብዛት አባዝታ ቢላል ሱቅ አስቀመጠች፤ ለሐበሻ ሁሉ ከሚሞሪው ጋር ስጥ አለችው። የማላውቀው ጎረምሳ ሁሉ ገበታ በኪሱ ይዞ «ጣትሽን» እየተባለ ፊደል ቆጠረ። ከእነዚህ ስንቱ አንባቢ እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሃያት መጀመሪያ የከፈተችው ገጹን ነው። «በዚህ ጊዜ ውስጥ የተደረሱ ተማሪዎች፦ ዜሮ» ይላል። ከዚያ የባሰም ነበር። ለአንድ ወር ያልታየ ተማሪ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። እነ ጀማል የሉም። ለምለም የለችም።

መንገዱ በተከፈተበት ዓርብ ለምለም መጣች። ሚሞሪውን ያገኘችው ጎረቤት ቤት ከምትሠራ ልጅ ነው፤ ዕቃ ስታጥብም ልብስ ስትተኩስም እሱን ከፍታ እንደከረመች ነገረችን። ሃያት ሰሌዳው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር እኔን አስጻፈችኝ፤ እሷ ራሷ የአማርኛ ፊደል አትችልማ። ለምለም ጣቷን አየር ላይ እያንቀሳቀሰች ቀስ ብላ አነበበችው። ሃያት በቶቡ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ፊቷ ሰማያዊ ሆነ። ልጂቱን በእጇ ይዛ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች፤ እኔም ተከተልኳቸው። የክሊኒኩ ስም ዝርዝር የሚላከው በዚያው ቀን ነበር።

አቶ ወንድይፍራው ከስክሪኑ ዓይኑን አላነሣም። «ለምለም የምትባል ተማሪ የለችም።»

«እዚህ ቆማለች። ዞር በል።»

«አንተ አትበይኝ ብዬሻለሁ።»

«እሺ። ዞር በል።»

«ሲስተሙ አያሳያትም፣ ኡስታዛ።»

«እኔ አያታለሁ። ይሄ ሰውዬም ያያታል። አንተ ብቻ ነህ ያላየሃት።»

እንደ አዲስ ሊመዘግባት ይችላል፤ አዲስ ተማሪ ግን ደረጃ አንድ ነው፣ ክሊኒኩ የሚቀበለው ደረጃ ሁለትን የጨረሰ ነው። ድርጅቱ ጋ ደወልን። በገጹ በኩል ጻፉ አሉን። ጻፍን። «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል መልስ ወዲያው መጣ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ አልመጣም። ሃያት ልጂቱን ይዛ ክሊኒኩ ድረስ ሄደች። የምትቀበለው ነርስ ስታነብ ሰማቻት፣ አመሰገነቻትም፤ «እኔ አምናችኋለሁ፣ ግን ስም የሚመጣልኝ ከሲስተሙ ነው፤ ለሚቀጥለው ኢንሻላህ» አለች። ሁሉም ትሑት፣ ሁሉም አዛኝ፣ ሁሉም ኢንሻላህ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ብንሰደብ ይሻለን ነበር። ለምለም ናት እኛን ያጽናናችን። «ምንም አይደል ኡስታዛ፣ እደግመዋለሁ» ብላ ወደ ጀሪፍ ተመለሰች።

ሃያት እንደገና መዘገበቻት፣ ከደረጃ አንድ፤ እነ ጀማልንም አብራ። ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ከክፍል በኋላ ተቀምጣ የቀሩትን ሁሉ ስም እየከፈተች ለእያንዳንዱ የሆነ ነገር ትልካለች፤ ድምፅ፣ ሥዕል፣ አንድ መስመርም ቢሆን። ከላኩለት አይሰረዝም። በሚቀጥለው ዓመት ኮሮና መጥቶ ሁሉን ዘጋ፤ ክሊኒኩም ሰው አልወሰደም። እሷ ሐሙሷን አልተወችም። ለምለም በዚያ በሚመጣላት ድምፅ ከቤት ሳትወጣ ደረጃ አንድን ጨርሳ ሁለትን ጀመረች። ሃያት ዳቦ ወረፋ ላይ ቆማ ስልኳን እየነካካች «ቆይ፣ ትርሐስን ልንካት» ስትል ሰምቻታለሁ።

«ማሽኑን እያታለልሽው ነው» አልኳት።

«ማሽኑ ይረሳል። እያስታወስኩት ነው።»

እሷ ራሷ ፊደል አለመቁጠሯ ያንገበግባት ነበር። «የእናቴ ቋንቋ አፌ ላይ አለ፣ ዓይኔ ላይ የለም» ትለኛለች። «ይሄ ግርግር ይለፍና ደረጃ አንድ አስገባኝ። ግን በደንብ መዝግበኝ፣ እንደ ማንም ተማሪ።» እሺ እላለሁ። ግርግሩ ግን መቼ ያልፋል? ጭሱ ሲያልፍ መታሪሱ፣ መታሪሱ ሲያልፍ ኮሮናው፣ ኮሮናው ጋብ ሲል ዳቦው፣ ነዳጁ፣ መብራቱ። የሽግግር ጊዜ ነው ይባላል፤ ሁሉም ነገር ነገ ነው።

ዘንድሮ በሐቡቡ ሰሞን፣ አቧራው ሰማዩን ቀይ አድርጎት በሰነበተበት ሳምንት፣ አስሙ ጠናባት። የምትነፋው መድኃኒት ከከተማው ጠፍቶ ነበር። ወንድሟ ከኦምዱርማን እስከ ባሕሪ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረ። እዚያም ኢንሻላህ፣ እዚህም ኢንሻላህ። እኔ የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። እጅ በምታህል ዕቃ እጦት ሰው ሲሞት ምን ይባላል? ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ የተሰማኝ ንዴት ብቻ ነበር፣ አሁንም አለቀቀኝም።

አቶ ወንድይፍራው ዘመዶቹ ጋ ካናዳ ስለሄደ ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እሑድ የመጣው መልእክት ለዚህ ነው ለእኔ የደረሰው። ለምለም ደረጃ ሁለትን ጨርሳለች፤ የክሊኒኩ ዝርዝር የሚላከው በዚያው ሳምንት ነበር። እሷ ያለችው ግን በሃያት ስም ሥር ነው። «አረጋግጥ» የሚለውን ብጫን ልጂቱ እንደገና ትጠፋ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ተማሪዎቿን አንድ በአንድ ወደ ራሴ ስም አዛወርኳቸው። መጀመሪያ ለምለምን፣ ከዚያ ትርሐስን፣ ከዚያ ከገዳሪፍ ይመለስ አይመለስ የማላውቀውን ጀማልን። ሸበካው ሦስት ጊዜ ጥሎኝ ጠፋ፤ እንደ እሷ ተሳደብኩ። የለምለምን ስም ለክሊኒኩ ላክሁ፤ «ደርሷል» የሚለውን እስካይ ድረስ ከወንበሩ አልተነሣሁም። ከዚያ «አዲስ ተማሪ» የሚለውን ከፈትኩ። ስም፦ ሃያት። የሚማሩት፦ አማርኛ ንባብ። ደረጃ፦ አንድ። መምህር፦ እኔ። «ይህን ተማሪ ለመድረስ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ሳጥን ጋ ስደርስ ያቺን የድሮ ዐረፍተ ነገሬን ልገለብጥ ጀምሬ ተውኳት። «በድምፅ። ቀስ ብዬ» ብዬ ጻፍኩ።

ዓርብ ለምለም ልትሰናበተን መጣች፤ ክሊኒኩ ተቀብሏታል። እኔ በወንበሮቹ መሐል እየዞርኩ የባዶዎቹን መደገፊያ መታ መታ አደረግሁ። የመምህሯ ወንበር ጋ ስደርስ «ሃያት» አልኩ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«መንገድ ላይ ናት» አለች ለምለም።

ከአንድ ወር በኋላ ሲስተሙ «ተማሪ ሃያት አልታየችም» ብሎ እንደሚጽፍልኝ አውቃለሁ። ይሰርዛታል። እኔም መልሼ እመዘግባታለሁ፣ ከደረጃ አንድ።